ውሃ የማትጠጣዋ ኮምቢ ኒውላንድ ስትገባ

መቼም አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ወጣት ‹‹ጋምቤላ ልሄድ ነው›› ሲል ከዘመድም ከጎረቤትም የሚወርድበት ምክር አይጣል ነው፡፡ ‹‹ሙቀቱ ያቀልጥሃል፣ ወባው አይምርህም፣ መንገዱ ሩቅ ነው›› ይባላል፡፡ ‹‹በምን ልትሄድ ነው?›› ተብሎ ‹‹በአባቴ ቮልስ ኮምቢ›› ካለ ደግሞ ምክሩ ይቆምና ሳቅ ይጀመራል፡፡ እውነትም ያስቃል፡፡ ዕድሜዋ ከሃምሳ ዓመት ያለፈ፣ ራዲያተር የሚባል ነገር የሌላት፣ ሞተሯን ከኋላ አዝላ የምትንኳኳ መኪና የትና የት! ግን ሳቁን ለጊዜው እናቆየውና ስለዚህች መኪና፣ ስለ ኒውላንድና ስለ ሁለት እጮኛሞች የሠርግ ገንዘብ እናውጋ፡፡ ሦስቱን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል፡፡ ቆይ፣ ይገናኛሉ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ አንድ መምህር ጓደኛዬ ጋምቤላ ከተማ ሥራ አገኘ፡፡ አባቱ ሲያርፉ የተዉለት ንብረት አንዲት ነጭና ሰማያዊ ኮምቢ ናት፡፡ ከኋላዋ የሚዘረጋ አልጋ፣ ትንሽ ቁም ሣጥንና የቡታ ጋዝ ማስቀመጫ አላት፡፡ ተኝተውባት፣ አብስለውባት እንዲጓዙ ተብላ የተሠራች ማለት ነው፡፡ እጮኛው ደግሞ ‹‹ሽጣትና ሠርጋችንን እንደግስ፤ የተረፈውን ለቤት ኪራይ እናድርገው›› ትለዋለች፡፡ ገዢም ነበረ፡፡ እሱ ‹‹የአባቴ እጅ ያረፈባት ናት፣ አልሸጥም›› ይላል፡፡ በዚህ ሲጨቃጨቁ ከርመው በመጨረሻ ተስማሙ፡፡ ጋምቤላ በሰላም ካደረሰቻቸው ትቀመጣለች፤ መንገድ ላይ ከጣለቻቸው ትሸጣለች፡፡ እኔም እንደ ዳኛ ከኋላ ወንበር ተሰየምኩ፡፡

ቮልስና እኛ

ቮልስ በአገራችን ተራ መኪና አይደለችም፡፡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን ሲያወርድ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በሚያምር የንጉሥ መኪና ሳይሆን በትንሿ ቮልስዋገን ነበር፡፡ አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው ሁሉ ነድቷታል፡፡ ዛሬም አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ያ የሚታወቅ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ዞር ብሎ የማያይ የለም፡፡

ኮምቢ የትንሿ ቮልስ እህት ናት፡፡ እ.ኤ.አ. በ1947 ቤን ፖን የሚባል የሆላንድ መኪና ነጋዴ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጎማ ያለው ሣጥን የመሰለ ነገር ጫረ፡፡ በ1950 ፋብሪካው ያንን ጭረት መኪና አድርጎ ማውጣት ጀመረ፡፡ ብራዚል እስከ 2013 ድረስ ስትሠራት ቆይታለች፤ ምንም እንኳ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሞተሯን በውሃ ወደሚቀዘቅዝ ብትለውጠውም፡፡ ትንሿ ቮልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ላይ ስታበቃ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ ነበር፡፡

የሞተሯ ነገር ቀላል ነው፡፡ አራት ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል፡፡ እያንዳንዱ ሲሊንደር ዙሪያውን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ስስ ክንፎች አሉት፡፡ በቺንጋ የሚዞር ትልቅ ማራገቢያ አየር ስቦ በእነዚህ ክንፎች መካከል ይነፋል፡፡ የቀረውን ሙቀት ዘይቱ ተሸክሞ ይወጣል፡፡ በቃ፡፡ ውሃ የለም፣ ስለዚህ የሚፈላም የሚያፈስም ራዲያተር የለም፡፡ በረሃ ላይ የተወደደችውም ለዚህ ነው፡፡

ታዲያ ‹‹ውሃ የላትም›› ማለት ‹‹ሙቀት አይነካትም›› ማለት አይደለም፡፡ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፡፡ አየሩ እንደ ልብ ካልገባላት ወይም የገባው አየር ራሱ ትኩስ ከሆነ ሞተሯ ውስጥ ውስጡን ይቃጠላል፡፡ ክፋቱ ደግሞ አብዛኞቹ ኮምቢዎች የሞተር ሙቀት የሚያሳይ ቀስት የላቸውም፡፡ ጩኸት ሳታሰማ የምትሞት መኪና ናት፡፡

ከጎሬ ወዲያ ቁልቁል

ጉዟችን በየካቲት ነበር፡፡ ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ከ7 መቶ ኪ.ሜ. በላይ ነው፡፡ ጅማን አለፍን፣ በደሌን አለፍን፣ የያዮን የቡና ደን እያሸተትን መቱ ገባን፡፡ መንገድ ዳር ቆመን ቡና አፈላን፤ ኮምቢዋ አልጋም ወጥ ቤትም ሆነችልን፡፡ ሙሽሪት ተብዬዋ እንኳ ‹‹ይቺ ነገር ለጫጉላ ሽርሽር ታስፈልጋለች እንዴ?›› ማለት ጀምራ ነበር፡፡ ጓደኛዬ ፊቱ በራ፡፡

ጎሬ ደረስን፡፡ ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ በ1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጊዜያዊ መንግሥት የተቀመጠባት ጎሬ ማለት ናት፡፡ ከፍታዋ 2 ሺህ ሜትር አካባቢ ነው፣ ብርድ አለ፡፡ ከእሷ ወዲያ ቡሬን ስታልፉ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይከዳል፡፡ ጋምቤላ ከተማ ያለችው 5 መቶ ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ 1 ሺህ 500 ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ፡፡ ጆሮ ይደፈናል፣ ሹራብ ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል፡፡ ጓደኛዬ አባቱ እንዳስተማሩት በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ እየያዘው ወረደ እንጂ ፍሬን ላይ አልተኛም፡፡ ጎበዝ! የዱሮ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ሲረግጡት ከዋሉ ይግልና መያዝ ይተዋል፡፡

መከራው የመጣው ሜዳው ላይ ነው፡፡ ቁልቁለቱ አልቆ ሙቀቱ ፊት ለፊት ሲገጥመን መኪናዋ ጉልበት አጣች፡፡ የተቃጠለ ዘይት ሸተተን፡፡ ስንቆም የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፡፡ እጮኛዋ ዝም አለች፡፡ እኔ በበኩሌ ከጩኸቷ ይልቅ ዝምታዋን ፈራሁት፡፡ እየቆምን፣ እያሳረፍን፣ በአህያ ፍጥነት የባሮን ከተማ ያዝን፡፡ እንግዲህ ፍረዱ፤ ደረሰች ነው የሚባለው ወይስ ጣለችን? ‹‹ደርሳለች›› አለ እሱ፡፡ ‹‹አድርሰናት ነው›› አለች እሷ፡፡

ኒውላንድ

ኒውላንድ የጋምቤላ ከተማ አንዱ ሰፈር ነው፡፡ ስሙ የእንግሊዝኛ ነው፣ ‹‹አዲስ መሬት›› እንደ ማለት፡፡ ጋምቤላና እንግሊዝኛ ደግሞ የቆየ ትውውቅ አላቸው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፡፡ ክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም እየመጡ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር፡፡ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፡፡ ‹‹ጋምቤላ ዳር አገር ናት›› የምትሉ ሰዎች ይህን አስታውሱ፡፡ አንድ ዘመን የምዕራቡ ቡና ወደ ውጭ የሚወጣባት በር ነበረች፡፡

ሰፈሩ ውስጥ ከነዋሪው ብዙው ኑዌር ነው፡፡ የሣር ክዳን ጎጆና የቆርቆሮ ቤት ጎን ለጎን ይታያል፡፡ ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ መንገዱ በሰውና በባጃጅ ይሞላል፡፡ ‹‹ማሌ!›› ስትሉ ‹‹ማሌ!›› ይመለስላችኋል፤ ሰላምታ ነው፡፡ ይቺን አንዲት ቃል ይዞ የሄደ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል፡፡ ከተማዋ ሁልጊዜ ሰላም ነበረች ብዬ አልዋሻችሁም፡፡ በሰኔ 2014 ዓ.ም. መሃል ከተማ ውስጥ ተኩስ ነበር፣ ሰውም ሞቷል፤ ሰፈርና ሰፈር የተፈራራበት ጊዜም አለ፡፡ ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፡፡ እኛ የሄድን ጊዜ ያገኘነው ግን አክብሮት ነው፡፡

መኪናዋ የቆመችበት አጠገብ ሻይ የሚሸጡ እናት ወንበር አወጡልን፡፡ ‹‹እናቴ፣ እዚህ አካባቢ መካኒክ ይኖራል?›› አልናቸው፡፡ በእጃቸው ያመለከቱን ጥላ ሥር ባጃጅ ገልብጦ የሚሠራ ረጅም ወጣት ነው፡፡ እኔና ጓደኛዬ ተያየን፡፡ ባጃጅ ሠሪ ቮልስ ምኑን ያውቃል?

‹‹የራሷን ትንፋሽ ነው የምትጠጣው››

ያውቃል እንጂ! ወገኖቼ፣ ባጃጅም እኮ በአየር የምትቀዘቅዝ ናት፡፡ ክንፍ ያለው ሲሊንደር፣ ማራገቢያ፣ የአየር መምሪያ ላሜራ አላት፡፡ ጋምቤላ ሙቀት ውስጥ ጠዋት ማታ ባጃጅ የሚጠግን ልጅ ስለ አየር የማያውቀው ምን አለ? አዲስ አበባ ያለ አንድ ጋራዥ ግን ከመነሳታችን በፊት ‹‹ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ ይታደስ›› ብሎ የሠርጉን ወጪ የሚያህል ገንዘብ ጠይቆ ነበር፡፡

ልጁ የኋላውን ክዳን ከፈተ፡፡ ቁልፍ አላነሳም፡፡ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ እጁን በሞተሩና በመኪናዋ አካል መካከል አስገባ፡፡ እጁ ያለ ችግር ወደ ታች አለፈ፡፡ ‹‹እዚህ ጋ ጎማ ነበረ፤ የት ሄደ?›› አለ፡፡ እውነቱን ነው፡፡ ሞተሩን ዙሪያውን የሚከብበው የጎማ መዝጊያ ከቀድሞ ጥገና በአንዱ ተነስቶ አልተመለሰም፡፡ ከላይ ያለው ቀዝቃዛ አየርና ከታች ያለው የማርሚታ ትኩስ አየር እንዳይገናኙ የሚያግደው እሱ ነበር፡፡ እሱ ከሌለ ማራገቢያው ከታች የወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል፡፡

‹‹የራሷን ትንፋሽ ነው የምትጠጣው›› አለን ልጁ፡፡ ‹‹አንተም ብርድ ልብስ ተከናንበህ ብትሮጥ ትወድቃለህ፡፡››

አዲስ አበባ ላይ ለምን አልታወቀም? አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጥፋቱን ሸፍኖት ነበር፡፡ የተጎዳ ነገር ሁሉ ምቾት ውስጥ አይታወቅም፤ ሙቀት ሲመጣ ነው የሚገለጠው፡፡ ትዳርም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም፡፡

ሁለተኛው ጣጣ ካርቡሬተሩ ላይ ነበር፡፡ አዲስ አበባ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ወለል አየር አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፡፡ ለሳሳ አየር ትንሽ ቤንዚን ይበቃል፤ ስለዚህ መካኒኮች ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ በጠባብ ይለውጧታል፡፡ ቆላ ስትወርዱ ግን አየሩ ይወፍራል፡፡ ቀዳዳዋ ያው ጠባብ ከሆነች ቤንዚኑ ያንሳል፣ እሳቱ ከልክ በላይ ይግላል፣ ቫልቭና ፒስተን ይጎዳል፡፡ ‹‹ቤንዚን ቆጠብኩ›› ያለ ሰው ቴስታታ ይገዛል ማለት ነው፡፡ ጓደኛዬ ወዲያው የአባቱን የብስኩት ቆርቆሮ አወጣ፡፡ ውስጡ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቺንጋና በወረቀት የተጠቀለሉ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ትናንሽ የነሐስ ቀዳዳዎች ነበሩ፡፡ ለምን እንዳስቀመጧቸው ገብቶት አያውቅም፡፡ ለካ አዛውንቱ ደጋና ቆላ ሲመላለሱ ይቀያይሯቸው ነበር!

መዝጊያው ከከባድ መኪና ከመነዳሪ ተቆርጦ ተሠራ፡፡ ክንፎቹ መካከል የተጋገረው አቧራና ሣር በቀጭን ሽቦ ተጠረገ፡፡ ዘይቱ ተቀየረ፣ ለሙቀት በሚሆን ወፍራም ዘይት፡፡ በነጋታው ማለዳ ሞተሩ ጭልጥ ብሎ ሳይሞቅ ቫልቮቹ ተለኩ፡፡ ሁለቱ ክፍተታቸው ጠቦ ነበር፤ ትንሽ ቆይተው ቢሆን ይቃጠሉ ነበር፡፡ ተስተካከሉ፡፡ ከተማውን አንድ ሰዓት ዞርንባት፡፡ ሽታው የለም፣ መብራቱ አይበራም፣ ጉልበቷ ተመልሷል፡፡ የተከፈለው የእጅ ዋጋ አዲስ አበባ የተጠየቅነውን አንድ አሥረኛ አይሞላም፡፡

የአባት በሬ

ሥራው ሲያልቅ ሻይ እየጠጣን እጮኛዋ ለልጁ የጭቅጭቁን ነገር አጫወተችው፡፡ ‹‹አንተ ብትሆን አትሸጣትም?›› አለችው፡፡ ልጁ ሳቀ፡፡ ‹‹መምህር፣ ለሷ ስንት ከብት ሰጠህ?›› ብሎ ጓደኛዬን ጠየቀው፡፡ ኑዌር ዘንድ ጥሎሽ በከብት ነውና፡፡ ‹‹እኛ ጋ አባት ለልጁ በሬ ይሰጣል›› አለ ቀጥሎ፡፡ ‹‹ልጁ በበሬው ስም ይጠራል፣ ይዘፍንለታል፡፡ ይቺ የአባትህ በሬ ናት፡፡ ግን እህቴ፣ በሬም ቢሆን ሣር ይፈልጋል፡፡ ሣሩን ማን እንደሚያጭድ ተነጋገሩ፡፡››

እኔ ከዚያ በላይ የሚመክር ገጥሞኝ አያውቅም፡፡ ጭቅጭቃቸው ለካ ስለ መኪና አልነበረም፡፡ እሷ የፈራችው መኪናዋን ሳይሆን ገንዘቡ ድንበር የሌለው መሆኑን ነው፤ ዛሬ ቺንጋ፣ ነገ ቴስታታ፣ ከነገ ወዲያ ሠርጉ ራሱ፡፡ እሱ ደግሞ ‹‹ሽጥ›› ስትለው የሚሰማው ‹‹አባትህን እርሳ›› ነው፡፡ ሁለቱም አልተናገሩትም፡፡ ያን ዕለት ማታ ተናገሩት፡፡ ሦስት ነገርም ተስማሙ፡፡ አንደኛ፣ የሠርጉ ገንዘብ አይነካም፡፡ ሁለተኛ፣ ለመኪናዋ በየወሩ የተወሰነ ብር ለብቻው ይቀመጣል፣ ያ ካለቀ መኪናዋ ትቆማለች፡፡ ሦስተኛ፣ ሙሉ ሞተር የሚያስቀይር ብልሽት ከመጣ ያለ ኩርፊያ ትሸጣለች፡፡ ገዢ አይጠፋም፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት ካደረገው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያለች አሮጌ መኪና ዋጋዋ እንደ ዱሮው አይደለም፡፡

ባለ ቮልስ ለሆናችሁ፣ ለመሆንም ለምታስቡ

የአያት ወይ የአባት ቮልስ ግቢ ውስጥ ቆማ የምታዩ ወጣቶች እነዚህን ያዙልኝ፡፡

ዘይት፡- ሞተሯ የሚይዘው 2 ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ የዘይት ፊልትሮ የላትም፣ ያላት የሽቦ ወንፊት ነው፡፡ በየ5 ሺህ ኪ.ሜ. ቀይሩ፣ ወንፊቱንም እጠቡ፡፡ ረጅም መንገድ ላይ ጠዋት ጠዋት ለኩ፡፡

ቫልቭ፡- ሞተሩ ፍጹም ሳይሞቅ ይለካል፡፡ ለብዙዎቹ 1600 ሞተሮች ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፡፡ የሚጮህ ቫልቭ አያስፈራም፤ ዝም ያለው ነው የሚያስፈራው፣ ጠቦ ሊሆን ይችላልና፡፡ በአሮጌዎቹ ሞተሮች 3ኛው ሲሊንደር ከዘይት ማቀዝቀዣው ኋላ ስለሆነ አየር ያንሰዋል፤ እሱን ለይታችሁ ተከታተሉ፡፡

ቺንጋ፡- ቀዩ የቻርጅ መብራት በድንገት ከበራ ወዲያው ቁሙ፡፡ በሌላ መኪና ‹‹ባትሪ አይሞላም›› ማለት ነው፤ በቮልስ ግን ቺንጋው ተበጥሶ ማራገቢያውም ቆሞ ይሆናል፡፡ ትርፍ ቺንጋ ሳትይዙ ከከተማ አትውጡ፡፡

የቤንዚን ቱቦ፡- ርካሽ ነው፣ ግን መኪናዋን የሚያቃጥለው እሱ ነው፡፡ ከደረቀ ወይ ከተሰነጠቀ ዛሬውኑ ቀይሩት፣ በክላምፕም እሰሩት፡፡ የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ያለበት ስለሆነ ከተያያዘ ውሃ አትድፉበት፣ ያብሰዋል፡፡ እሳት ማጥፊያ ያዙ፡፡

ዳገት፡- በከፍተኛ ማርሽ አታስጨንቋት፡፡ ማራገቢያው የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ልክ ነው፤ ማርሽ ቀንሱላት፣ ትጩህ፣ አየር ታገኛለች፡፡

ጋራዥ፡- ‹‹ይህ ጎማ ምን ያደርጋል፣ ይህ ላሜራ ትርፍ ነው›› ብሎ ነቅሎ ከሚጥል ሰው ራቁ፡፡ በዚህች መኪና ላይ ትርፍ ነገር የለም፡፡ የተነቀለውን ሁሉ ቆጥራችሁ ተቀበሉ፡፡

ኒውላንድ ለምትሄዱት ደግሞ ሁለት ቃል፡፡ መኪና ውስጥ የምታድሩ ከሆነ አጎበር የግድ ነው፤ ሙቀቱ መስኮት ያስከፍታችኋል፣ የወባ ትንኝ ደግሞ የተከፈተ መስኮት ትወዳለች፡፡ ትኩሳት ከተሰማችሁ ‹‹ድካም ነው›› ብላችሁ አትዋሹ፣ ተመርመሩ፡፡ ባሮ ያምራል፣ ዓሣውም ይጣፍጣል፣ ግን አዞ አለበትና ሰፈሩ ካላሳያችሁ ቦታ አትግቡ፡፡ ሳትጠይቁ ሰው ፎቶ አታንሱ፡፡ የሚሠራላችሁን ሰውም በሙያው እንጂ በዎርክሾፑ ስፋት አትመዝኑት፡፡

እጮኛሞቹ ሠርጋቸውን አደረጉ፤ ድግሱ ትልቅ አልነበረም፣ ዕዳም የለበትም፡፡ የወር ገንዘቧ እስካሁን አልቆባት አያውቅም፡፡ እናንተስ? ግቢያችሁ የቆመ በሬ ካለ፣ ሣሩን ማን እንደሚያጭድ ዛሬ ማታ ተነጋገሩ፡፡